«የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ የተዘጋው ሪፖርት

ማታ ፈረቃ (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

የምሠራበት ፋብሪካ የማሽንና የወለል ማጠቢያ ኬሚካሎች በትልልቅ በርሜል ይመጡለታል። እኛ ከበርሜሉ ወደ ጀሪካን እየቀዳን ወደየክፍላችን እንወስዳለን። ጀሪካኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። «ቢጫ ክዳን ያለው የማሽኑ፣ ነጩ የወለሉ» እየተባለ በቃል ነው የሚታወቀው። በቅርቡ አንድ ባልደረባዬ የወለሉን ሳሙና ያነሳ መስሎት ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን አነሳ። ክዳኑ ተቀያይሮ ነበር። ባልዲ ውስጥ ሲገለብጠው ተፈናጥሮ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የተሟሟ ኮስቲክ ሶዳ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ለዓይን ከውሃ አይለይም። በአቅራቢያው የዓይን ማጠቢያ አልነበረም። እጁን ይዘን እየመራን መታጠቢያ ቤት ድረስ ወሰድነው። አንድ ዓይኑ እስካሁን እንደ ድሮው አያይም።

ከዚያ ሪፖርት ወጣ። የአደጋው መንስኤ፦ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት»። መፍትሔ፦ «ሠራተኞች እንዲጠነቀቁ ማሳሰብ»። ማሳሰቢያውን ሁላችንም ፈረምን። ጀሪካኖቹ ግን ዛሬም ባዶ ገጽታቸው እንዳለ ነው።

ይሄ ነገር ሊዋጥልኝ አልቻለም። የሠራተኞች ተወካይ ስለሆንኩ በቅርቡ ከአስተዳደሩ ጋር ስብሰባ አለኝ። ሥራውን የምታውቁ ሰዎች፣ ምን ይዤ ልግባ?

ሴፍቲ ነኝ

ወንድሜ፣ ለባልደረባህ ምሕረቱን ያምጣለት። በደህንነት ባለሙያነት ስለምሠራ እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ብዙ አይቻለሁ። ሁሌም ያናድደኛል።

«ተጠንቀቅ» ማለት አደጋ መከላከል አይደለም። ሰው ይደክማል፣ ይቸኩላል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ነገም ከነገ ወዲያም ሰው ሆኖ ነው ሥራ የሚገባው። ስለዚህ የሥራው አደረጃጀት ሰው ሲሳሳት ዓይኑን የማያጣበት መሆን አለበት።

ስብሰባው ላይ «ማን አጠፋ?» የሚለውን ትተህ «ለምን?» እያልክ ወደ ኋላ ሂድ። ለምን የተሳሳተ ጀሪካን አነሳ? ስለማይለዩ። ለምን አይለዩም? ጽሑፍ ስለሌላቸው። ለምን ጽሑፍ የላቸውም? ሲቀዳ እንዲለጠፍ የሚያዝ አሠራር ስለሌለ፣ ኃላፊነቱም የማንም ስላልሆነ። እዚህ ስትደርስ መንስኤው ባልደረባህ እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ይሆናል።

በሙያችን መፍትሔ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አደገኛውን ነገር ጨርሶ ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ይታያል። ካልተቻለ በቀለለው መተካት። ቀጥሎ በመሣሪያ ሰውየውን ከኬሚካሉ መለየት። ከዚያ የአሠራር ደንብ፣ ጽሑፍና ሥልጠና ይመጣል። መነጽርና ጓንት መጨረሻ ላይ ነው ያሉት። በእናንተ ጉዳይ ልንገርህ፦ ያን ያህል ኃይለኛ ኬሚካል ያስፈልጋል ወይ? የሚያስፈልግ ከሆነ ማንም በእጁ ሳይገለብጥ ከበርሜሉ በቱቦ መጥኖ የሚሰጥ ፓምፕ አለ። ፓምፕ ቢኖር ኖሮ ጀሪካኑም፣ መገልበጡም፣ መፈናጠሩም ባልኖረ። የእናንተ ሪፖርት ግን ከዝርዝሩ የመጨረሻውን እንኳ አልነካም። ማሳሰቢያ አስፈርሞ ተዘጋ።

ጋሽ ፎርማን

ልጆች፣ እኔ ደግሞ ከሌላው ወገን ልናገር። ረጅም ጊዜ ሰው አሠርቻለሁ። መነጽር እሰጣለሁ፣ ግንባራቸው ላይ ያደርጉታል። ጓንት እሰጣለሁ፣ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ስቆጣ ያደርጋሉ፣ ዞር ስል ያወልቃሉ። አስተዳደሩ ጥፋት የለበትም አላልኩም። ጀሪካን ያለ ጽሑፍ ማስቀመጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ራሱን ካልጠበቀ የትኛው ሕግ ይጠብቀዋል? ይሄም ይነገር።

ሴፍቲ ነኝ (ለጋሽ ፎርማን)

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው፤ ያሉት ነገር በየቦታው አለ። ግን አንዴ መነጽሩን እርስዎ ራስዎ አድርገው ሙሉ ፈረቃ ይሥሩበት። ብዙ ጊዜ የሚወልቀው ስለሚያተን ነው። ላቡ ሲበዛ ፊት ለፊት ያለውን ማሽን አያሳይም። ሠራተኛው ጣቱን ከማጣትና መነጽሩን ከማውለቅ መምረጥ ሲኖርበት ያወልቀዋል። ትነት የማይዝ መነጽር አለ። ጓንቱም በልኩ መሆን አለበት። ሁሉም «ላርጅ» ከሆነ እጇ ትንሽ የሆነች ሴት ክዳን መክፈት ስላቃታት ታወልቀዋለች። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የሚለብሱት ሰዎች ይሞክሩትና ይምረጡ።

ሌላው፣ የዕለቱ ምርት ሲዘገይ የሚቆጣው ማነው? ያው መነጽር አድርግ የሚለው አለቃ ነው። ሠራተኛው ከሁለቱ ቁጣ የትኛው እንደሚያመዝን በደንብ ያውቃል።

ጋሽ ፎርማን

ስለ ማተኑ እውነትሽን ነው ልጄ፣ አልክድም። ግን ዲሲፕሊን አያስፈልግም አትበዪኝ። ኃላፊውም ሲገባ አድርጎ ይግባ፣ እንግዳም ሲመጣ አድርጎ ይግባ። ለሠራተኛው ብቻ ከሆነ አይሠራም።

ነርስ እህታችሁ

ስለ ዓይኑ ላንሳ፤ ይሄ የደቂቃ ጉዳይ ነው።

ኮስቲክ ሶዳን የመሰለ አልካሊ ከአሲድ ይብሳል። አሲድ አብዛኛውን ጊዜ የነካውን ሥጋ አርግቶ እዚያው ላይ ይገታል። አልካሊ ግን ሥጋውን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ መታጠቡ እዚያው፣ ወዲያው ይጀመር። የዐይን ሽፋኑን በጣት ገልጦ፣ ዓይኑን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያዞሩ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ፤ ለአልካሊ ከዚያም በላይ። ሰውየው ያማል ብሎ ይጨፍናል፣ ይታገላል። አንድ ሰው ይርዳው። ኮንታክት ሌንስ ካለውና በቀላሉ ከወጣ ይውጣ። ከዚያ እየታጠበም ቢሆን ሐኪም ቤት።

«ኮስቲክ ከሆነ ኮምጣጤ ጨምሩበት» የሚል ሰው ይኖራል። በፍጹም። ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ጉዳቱን ያብሱታል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ሰው ይዛችሁ ስትመጡ የኬሚካሉን ስም ይዛችሁ ኑ። «ነጭ ፈሳሽ ነው» ስትሉን ምን እንደምናክም አናውቅም። የዕቃውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። የደህንነት መረጃ ቅጹ ካለ እሱን አምጡ።

ማታ ፈረቃ

እህቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይሄ የደህንነት መረጃ ቅጽ የምትይው ምንድነው? እኛ ጋ አይቼ አላውቅም።

የላብራቶሪ ሰው

እኔ ልመልስ። ኤስዲኤስ ይሉታል። የኬሚካሉ አምራች ወይም አቅራቢ ከዕቃው ጋር የሚሰጠው ሰነድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የኬሚካሎች አመዳደብና መለያ ሥርዓት አለ። በዚያ መሠረት ቅጹ 16 ክፍል አለው፤ ቅደም ተከተሉም አይቀየርም። ሁሉንም ባታነብ 5ቱን እይ፦ 2ኛው አደጋውን፣ 4ኛው የመጀመሪያ እርዳታውን፣ 7ኛው አያያዝና አቀማመጡን፣ 8ኛው የትኛው ጓንትና መተንፈሻ እንደሚሆን፣ 10ኛው ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት ይነግርሃል። መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከተቀመጠ ጥቅም የለውም። ኬሚካሉ ባለበት ይሰቀል፣ በሌሊት ፈረቃም ይገኝ።

ከዕቃው ላይ ደግሞ ቀይ ጠርዝ ያላቸው፣ በማዕዘናቸው የቆሙ ምልክቶች አሉ። በጠቅላላው 9 ናቸው። እጅና ብረት የሚበላው ምልክት የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ነበልባሉ ተቀጣጣይ ነው። ክብ ላይ ያለ ነበልባል ግን ሌላ ነው፤ እሳትን የሚያባብስ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። እነዚህን አንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ክብሪትና ቤንዚን አጠገብ ለአጠገብ ከማስቀመጥ አይሻልም።

ሌላ የማየው ጥፋት በስም ተራ መደርደር ነው። ለንብረት ክፍል ይመቸዋል፤ ኬሚካል ግን በጠባዩ ነው የሚለየው። አሲድ ለብቻ፣ አልካሊ ለብቻ፣ ተቀጣጣይ ለብቻ፣ እሳት አባባሽ ለብቻ። በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ የሚያጸዳው ሰው መጀመሪያ ይመታል። በረኪና ከአሞኒያ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። ብዙ የጽዳት ሠራተኞች «ሁለቱን ብቀላቅል የተሻለ ያጸዳል» ብለው ያደርጉታል፤ ማንም አልነገራቸውማ!

ፈሳሽ የሚያቃጥል ኬሚካል ከዓይን ከፍታ በላይ አይቀመጥ። ከሥሩ ፍሳሽ የሚይዝ ትሪ ይኑረው። የውሃ ወይም የለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይቀዳ።

በያጁ

ስለ ባዶ በርሜል ማንም ስላላነሳ ላንሳ። በብየዳ ሥራ ላይ ነኝ።

ሰው ሙሉ በርሜል ይፈራል፤ ባዶውን አይፈራም። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። የቤንዚን ወይም የቲነር በርሜል ሲያልቅ ውስጡን በባትሪ ብታይ ደርቋል። ግን ከታች ክብ የስፌቱ መስመር ውስጥ የቀረ ነገር አለ። መቁረጫው ሲነካው ያ ቅሪት ይሞቃል፣ ይተናል፣ በርሜሉን ይሞላዋል። ያ ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል አንድ የእሳት ብልጭታ ይበቃዋል። የበርሜሉ ክዳን የቆራጩን ፊት ነው የሚያገኘው። «አጥቤዋለሁ» የሚባለውን አትመኑ። በውሃ ታጥቦ ስፌቱ ውስጥ ያለው አይወጣም። ምን እንደነበረበት ያልታወቀ በርሜል አይቆረጥም። በቃ።

ሁለተኛው ዝግ ቦታ ነው፤ ታንከር፣ ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ሲሎ። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን ነው። ከ19.5 ካነሰ እጥረት አለ ይባላል። ተዘግቶ የቆየ የብረት ታንከር ሲዝግ ኦክስጅኑን ይበላዋል፤ መርዝ ሳይኖረው ይገድላል። ምንም አይሸትም። የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። መጠኑ ሲጨምር የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ሽታው ሲጠፋ «አሁን ነጻ ነው» ብሎ የሚገባ ሰው አለቀለት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሚከተለው ነው። አንዱ ይወድቃል፣ ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይወድቃል፣ ሦስተኛው ይከተላል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በዝግ ቦታ ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል። ስለዚህ ከመገባቱ በፊት አየሩ በመሣሪያ ይለካ፣ ንፋስ ይግባበት። የሚገባው ሰው ቀበቶና ገመድ ይታሰር፣ ገመዱን የያዘው ሰው ከመግቢያው አፍ ላይ አይነቃነቅ። ተራ ማስክ እዚያ ውስጥ ምንም አይሠራም። ማጣሪያ ያለውም ቢሆን ኦክስጅን አይፈጥርም።

ወፍጮ ቤት

የኬሚካል ወሬ ብቻ እንዳይሆን ዱቄትም ይጨመር። ደቃቅ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሰጋቱራ አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ አንድ የስኳር ፋብሪካ በስኳር ብናኝ ፈንድቶ 14 ሰው ሞቷል። የመጀመሪያው ትንሽ ፍንዳታ በየጣሪያውና በየምሰሶው ላይ የተከማቸውን አቧራ ያራግፈዋል፤ ገዳዩ ሁለተኛው ነው። አቧራውን በኮምፕረሰር እየነፋችሁ አታጽዱ። እንዲህ ሲደረግ እያየሁ ነው።

ሕግ አንባቢ

ለማታ ፈረቃ በሕግ በኩል የሚይዘውን ልስጥ። የራስህን አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አንብብ፤ መነሻህ እሱ ነው። ከበስተጀርባው ግን ዓለም አቀፍ ውሎች አሉ። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቁጥር 155 ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የ1981፣ ስለ ሥራ ደህንነትና ጤንነት ነው። አንቀጽ 21 የደህንነት እርምጃ ሠራተኛውን ምንም ወጪ ሊያስወጣው አይገባም ይላል። የጓንት ከደመወዝ የሚቆረጥበት ቦታ ካለ ይሄን ያዙ። እ.ኤ.አ. የ1990ው ቁጥር 170 ስምምነት ደግሞ ስለ ኬሚካል ብቻ የተጻፈ ነው። ሠራተኛው የሚነካውን ነገር ማንነትና አደጋ የማወቅ መብት አለው። ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነም ከቦታው ዞር ማለት ይችላል፤ ለዚህም አይቀጣም። የኬሚካል ዕቃ ሲቀየር ጽሑፉ አብሮ መሄድ እንዳለበትም እዚያው ውስጥ አለ። ይሄ የአንተ ጀሪካን ነው።

«አገራችን አልፈረመችም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ድርጅቱ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ አባል አገሮች ቁጥር 155ን ባያጸድቁም መርሁን የማክበር ግዴታ አለባቸው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ወረቀት ብቻውን ሰው አያድንም። ሊባኖስ ውስጥ ቤይሩት ወደብ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ሊፈነዳ የሚችል ኬሚካል ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ባለሥልጣናት ያውቁ ነበር፣ ደብዳቤም ተጻጽፈውበታል። ንጥረ ነገሩ ግን ከቦታው አልተነሳም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 አንድ ሌሊት ከኬሚካል ፋብሪካ 40 ቶን ያህል ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለ መርዝ ሲያመልጥ መከላከያዎቹ ሁሉ በዝርዝር ላይ ነበሩ። ማቀዝቀዣው ተዘግቶ ነበር። የሚያመልጠውን ጋዝ የሚያቃጥለው ማማ ቧንቧው ተፈትቶ ነበር። ጋዙን የሚያጥበው መሣሪያም አላስቆመውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ።

እና ስብሰባው ላይ «የዓይን ማጠቢያ አለን» ቢሉህ «የት ነው? ውሃው ዛሬ ይመጣል ወይ? መጨረሻ የከፈተው ማነው?» በል። ቁጥጥር ማለት ይሄ ነው።

ትንሽ ወርክሾፕ

ይቅርታ፣ ሁሉም የሚናገረው ስለ ትልቅ ፋብሪካ ነው። እኔ ጥቂት ሠራተኞች ያሉኝ የቀለም ቅብ ሥራ አለኝ። ፓምፕም ባለሙያም መቅጠር አልችልም። ልጆቹ ግን እንደ ልጆቼ ናቸው፣ እንዲጎዱብኝ አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

ሴፍቲ ነኝ (ለትንሽ ወርክሾፕ)

እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ይሄ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው ብር አይጠይቅም። መጀመሪያ ያለህን ሁሉ ቆጥረህ መዝግብ። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ነገር ታገኛለህ፤ እሱ በአግባቡ ይወገድ። የሌለህ ኬሚካል አይፈስብህም። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ግዛ፣ ሲረክስ አታከማች። የማይለቅ ማርከርና ሰፊ ፕላስተር ያዝና እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስሙን፣ አደጋውን፣ የተቀዳበትን ቀን ጻፍ።

የቀለም ቅብ ስለሆነ ሁለት ነገር አደራ። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ተንፏቆ ሩቅ ያለ ምድጃ ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ድረስ ይደርሳል። የንፋስ መውጫህ ከላይ ብቻ ከሆነ ከታችም ይኑር። ሁለተኛው፣ የጨርቅ የአቧራ ማስክ ለቀለም ትነት ምንም አይሠራም። የትነት ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ነው የሚያስፈልገው። ማጣሪያው ደግሞ ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ይሞላል። ስትጨርሱ በሚዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፣ በጊዜውም ይቀየር።

ጋሽ ፎርማን

ለዚህ ልጅ እኔም አንድ ልጨምር። ሠራተኛ «ለትንሽ ተረፍኩ» ሲል አትቆጣው፣ አመስግነው። ዕቃ ወድቆ ማንንም ካልነካ ሰው ዝም ይላል፤ እንዳይወቀስ ይፈራል። ያን ዝምታ ከሰበርክ አደጋውን ሳይመጣ ታገኘዋለህ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ማታ ፈረቃ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ጽፌ ይዤ እገባለሁ፦ ሪፖርቱ እንደገና ይከፈት፤ ጽሑፍ የሌለው ጀሪካን ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ይውጣ፤ መቅጃው አጠገብ የሚሠራ የዓይን ማጠቢያ ይቁም። ፓምፑን ለቀጣዩ በጀት አነሳዋለሁ። አንዳንዶቻችን ማንበብ ስለማንችል ምልክቶቹን የሚያስተምር ሰው እንዲመደብም እጠይቃለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መጋዘኑ ጥግ ላይ ምን እንዳለባቸው ማንም የማያውቃቸው አሮጌ ጀሪካኖችና ጠርሙሶች አሉ። እነሱን ምን እናድርግ?

የላብራቶሪ ሰው

ጥሩ ነገር ጠየቅህ። ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት የለም። ወደ ፍሳሽ መድፋት የለም። «ሁለቱም አንድ ይመስላሉ» ብሎ ማቀላቀል የለም። ዙሪያውን ከልሉት፣ «ያልታወቀ፣ አትንኩ» ብላችሁ ለጥፉበት፣ ፎቶ አንሱና ዝርዝር ያዙ። ነባር ሠራተኞችንና የድሮ የግዢ ደረሰኞችን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ እዚያ ይታወቃል። የቀረውን አደገኛ ቆሻሻ ለማስወገድ ፈቃድ ያለው አካል መርምሮ ይውሰደው። የተነፋ ጀሪካን ወይም ክዳኑ አካባቢ ነጭ ክሪስታል የሠራ ጠርሙስ ካያችሁ ግን ለማንቀሳቀስም አትሞክሩ። እንደ ኤተር ያሉ አንዳንድ አሟሚ ፈሳሾች ሲያረጁ የሚሠሩት ክሪስታል ክዳኑ ሲዞር ብቻ ሊፈነዳ ይችላል። ሰውን ከክፍሉ አውጡና በሩን ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ።